ለእቴጌ ምንትዋብ አሥር ክፍል ይሰጣቸው

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ሰላምታዬን አስቀድማለሁ። የታሪክ ተከታታይ ድራማ በአገራችን ቴሌቪዥን ለምን ተመልካች እንደማይዝ የሚጠይቅ ጽሑፍ በቅርቡ በጋዜጣችሁ ላይ አንብቤ ነበር። ጸሐፊው ችግሩን ጠቅልለው ለገንዘብ ሰጡት። ፈረስ ውድ ነው፣ ካባ ውድ ነው፣ ጦር ሜዳ የሚሞላ ሰው ቀለብና አበል ይፈልጋል፣ ስለዚህ እንደ ቱርኮቹ መሥራት አንችልም ይላሉ። የተደከመበት ጽሑፍ ነው፤ ጸሐፊውን አመሰግናለሁ። በዋናው ነጥብ ግን አልስማማም።

ጎንደር ውስጥ አስጎብኚ ነኝ። እንጀራዬ የነገሥታቱን ታሪክ ለሰው መንገር ነው። ሰው መቼ ጆሮውን እንደሚሰጠኝ፣ መቼ ስልኩን እንደሚያወጣ ከፊቱ አነባለሁ። ፋሲል ግቢ ገብተን “አፄ ፋሲለደስ በ1624 ዓ.ም. ነገሡ፣ ጎንደርን በ1628 ዓ.ም. ቆረቆሩ፣ ግቢው 70 ሺህ ካሬ ሜትር ያህል ነው፣ 12 በሮች አሉት፣ በ1972 ዓ.ም. በዩኔስኮ መዝገብ ሰፈረ” ብዬ ስጀምር ጎብኚው ራሱን ይነቀንቃል። ጨዋ ነው፣ አያቋርጠኝም። ዓይኑ ግን ግንቡ ጫፍ ላይ ያረፈችው ርግብ ላይ ነው።

ስለ ወይና ደጋ ጦርነት ሳወራ ነገሩ ይለወጣል። አፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት ተቀብለው አገሩን ሁሉ ወደዚያው ለማስገባት ተነሥተዋል። ላስታ በመልክአ ክርስቶስ መሪነት አምፆባቸዋል። በ1624 ዓ.ም. ወይና ደጋ ላይ ገጠሙ። ድሉ የንጉሡ ሆነ። ጦርነቱ አልቆ ሜዳውን ሲያዩት ግን የተረፈረፈው የገዛ ሕዝባቸው ነው። ልጃቸው ፋሲለደስ ገና ሠላሳ ዓመት አልሞላቸውም። አባታቸው በእምነታቸው ጸንተዋል፤ ልጅየው የአገሩን ምሬት ይሰማሉ። ብዙ ሳይቆይ አዋጅ ተነገረ። “ፋሲል ይንገሥ፣ ሃይማኖት ይመለስ” የሚለው ቃል እስከ ዛሬ በሰው አፍ አለ። አሸናፊው ንጉሥ ባሸነፉ ሰሞን ዘውዳቸውን ለልጃቸው ለቀቁ። ከጥቂት ወራት በኋላም ዐረፉ።

አንድ ጊዜ ከደብረ ታቦር የመጡ ተማሪዎችን እዚህ ታሪክ ላይ አቆምኳቸውና “እናንተ ፋሲልን ብትሆኑ በዚያች ማታ አባታችሁን ምን ትሉታላችሁ?” ብዬ ጠየቅሁ። አንዱ “ጥዬ እሸሻለሁ” አለ። አንዲት ልጅ “አባቴንማ ሰው ፊት አላዋርድም፤ እናቴን ልኬ አስለምነዋለሁ” አለች። ሌላው ተቆጣ። “ያ ሁሉ ሰው አልቆ ምን ልመና አለ?” አላት። መምህርታቸው “መሸ፣ መኪናው እየጠበቀ ነው” እያለች ብትጠራቸውም እየተከራከሩ ነው ከግቢው የወጡት። ፈረስ አላሳየኋቸውም። ካባም አልነበረኝም።

የታሪክ ድራማን ሰቅዞ የሚይዝ የሚያደርገው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። እኛ ተመልካቾች መጨረሻውን እናውቃለን። በዚያች ማታ ያሉት ሰዎች ግን አያውቁም። ፋሲለደስ ገና ከተማ የላቸውም፤ ግንብ የላቸውም፤ ነገ ጠዋት አባታቸው አሳስረዋቸው ሊያድሩ ይችላሉ። ፍርሃታቸው እውነተኛ ነው። የእኛ ተዋናይ ግን ገና በመጀመሪያው ክፍል ሐውልት ሆኖ ይመጣል። ደረቱን ነፍቶ፣ ድምፁን አወፍሮ፣ ከፊቱ የቆመውን ሰው ትቶ ሩቅ እያየ ይናገራል። ትልቅ ሰው እንደሚሆን ቀድሞ የተነገረው ይመስላል። ነገ ምን እንደሚሆን የሚያውቅ ሰው ደግሞ አያስጨንቀንም። ስለማያስጨንቀን ሪሞቱን እናነሣለን።

እናቴ ስለ ኦቶማን ቤተ መንግሥት የሚተርክ የቱርክ ተከታታይ ስትመለከት ጀበናው ይገነፍልባታል። ልዑል ሙስጠፋ በአባቱ በሱልጣን ሱሌይማን ትእዛዝ እንደሚገደል አስቀድሜ ነግሬያት ነበር። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1553 የሆነ ነገር ነው፤ ምሥጢር አይደለም። ተቆጣችኝ። “ዝም በል አንተ፣ ምናልባት ይምረው ይሆናል” አለች። ከአራት መቶ ዓመት በፊት ለሞተ ሰው ምሕረት ትለምናለች! ቱርክ ውስጥም ያ ክፍል በታየ ሰሞን ሰው ቡርሳ ወዳለው የሙስጠፋ መቃብር ጎርፎ ነበር። እንደ አስጎብኚ ይህን ስሰማ በጣም ቀናሁ።

እናቴ እቴጌ ምንትዋብ ባሠሩት በቁስቋም አካባቢ ተወልዳ ያደገች ናት። የሱሌይማንን ቪዚሮች፣ ማለትም ሹማምንቱን፣ በስም ትጠራለች። የእቴጌ ምንትዋብ ወንድም ራስ ወልደ ልዑል ማን እንደነበሩ ግን አታውቅም። የነገራት ድራማ የለማ!

ሙስጠፋ እናቴን የያዛት በልብሱ አይደለም። መሄድም መቅረትም ስለማይችል ነው። አባቱ ጠርቶታል። ካልሄደ አመፀኛ ነው፤ ከሄደ ሊሞት ይችላል። እንዲህ ያለ ወጥመድ የሚሠራው የቤተ መንግሥቱ ደንብ ነው። ደንቡን ተመልካች በደንብ ካወቀ ጭንቀቱ ራሱ ይመጣል፤ ሙዚቃ ማስጮህ አያስፈልግም።

የእኛ ቤተ መንግሥት ደንብ ደግሞ ለድራማ የተሠራ ነው የሚመስለው። ወህኒ አምባን ውሰዱ። አፄ ፋሲለደስ ወንድማቸው ገላውዴዎስ ባመፁ ጊዜ ወደዚያ ተራራ ሰደዷቸው። ከዚያ ወዲህ ዙፋን ሊመኝ የሚችል የንጉሥ ዘር ወህኒ ላይ ይጠበቅ ነበር። ኦቶማኖቹ ወንድማቸውን ይገድሉ ነበር። ሣልሳዊ መሐመድ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1595 ሲነግሥ 19 ወንድሞቹን አስገድሏል። የእኛዎቹ ተራራ ላይ ያስቀምጡ ነበር። ለድራማ የትኛው ይበልጣል ቢሉኝ የእኛው እላለሁ። የሞተ ወንድም አይመለስም። ወህኒ ያለ ወንድም ግን ሁልጊዜ አለ። ንጉሡ ታመሙ የሚል ወሬ ተራራው ላይ በደረሰ ቁጥር ቁልቁል ገደሉን ያያል። ወታደር ሲወጣ ያያል። ሊያነግሠው ይሁን ሊገድለው አያውቅም። ይህን ሰው አንድ ሙሉ ክፍል ባየው፣ አንድ ቃል ሳይናገር፣ አልሰለችም።

ሊቀ መኳስ የሚባል ሹመትም ነበር። ጦር ሜዳ ላይ እንደ ንጉሡ ለብሶ፣ ንጉሡን መስሎ የሚሰለፍ ሰው ነው። ጠላት ንጉሡን ወጋሁ ብሎ እሱን ይወጋል። ትልቅ ክብር ነው፤ ሞትም ነው። ለዚህ ሰው በጦርነቱ ጠዋት ልብሱን የምታቀብለው ሚስቱ ምን ትለዋለች? ልጁስ አባቱን በንጉሥ ልብስ ሲያየው ይደሰታል ወይስ ይፈራል? እስካሁን ባየኋቸው ተከታታዮች ሊቀ መኳስ ስሙ ተጠርቶ ያልፋል። ለእኔ እሱ ብቻውን ዋና ገጸ ባሕርይ ነው።

ምግቡም እንደዚያው ነው። አሳላፊ ጠጁን ከማቅረቡ በፊት በመዳፉ ጠብ አድርጎ ይቀምስ ነበር። ድራማዎቻችን ይህን እንደ ባህል ትርኢት ነው የሚያሳዩት፤ አሳላፊው እየሳቀ ይቀምሳል፣ ካሜራው ወደ እስክስታው ይሄዳል። ሣልሳዊ ዳዊት ግን በመርዝ እንደሞቱ ይነገራል። አንድ ንጉሥ በመርዝ ከሞተ በኋላ ያቺ ቅምሻ ያው ቅምሻ አይደለችም። ካሜራው መዳፉ ላይ ትንሽ ይቆይ። ንጉሡ የአሳላፊውን ጉሮሮ ይመልከቱ። እንግዶቹ ዝም ይበሉ። ኮሪያዎች በንጉሥ ወጥ ቤት ተጀምሮ በንጉሥ ሐኪምነት የሚያልቅ የአንዲት ሴት ታሪክ ሠርተው ዓለምን በቴሌቪዥን ፊት አስቀምጠዋል። ብዙው ጭንቀት ያለው ድስት ዙሪያ ነው። ድስት ደግሞ እኛም አለን።

እዚህ ላይ ስለ ጥቃቅን ስሕተት ልናገር፤ ብዙ ሰው “ምን አገባችሁ፣ ድራማ እኮ ነው” ስለሚል። አንድ ተከታታይ ላይ የ17ኛው ክፍለ ዘመን ንጉሥ በባሕር ዛፍ ጫካ ውስጥ ሲጋልቡ አየሁ። ባሕር ዛፍ ኢትዮጵያ የገባው በአፄ ምኒልክ ዘመን ነው። ሌላው ላይ የፋሲለደስ ዘመን ነጋዴ የማርያ ቴሬዛ ብር ሲቆጥር ነበር። ያ ብር መቀረጽ የጀመረው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1741 ነው፤ ፋሲለደስ ካረፉ ከሰባ ዓመት በላይ በኋላ። በዚያ ዘመን ገበያ የሚዞረው አሞሌ ጨው ነበር። ጀበናው ደግሞ የትም አይቀርም። እመቤቲቱ ሁልጊዜ ቡና ላይ ናት። በደጋው ክርስቲያን ዘንድ ግን ቡና መጠጣት እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አካባቢ የተለመደ አልነበረም። ድንች ወጥም አይቻለሁ። ድንች የመጣው በዚያው ክፍለ ዘመን፣ ሺምፐር በሚባል ጀርመናዊ ነው ይባላል።

የሚያናድደኝ ስሕተቱ ብቻ አይደለም፤ የባከነው ዕድል ነው። አሞሌ ጨው ይከብዳል፣ ዝናብ ያቀልጠዋል፣ በአህያ ይጫናል። ክረምት ላይ ብዙ አሞሌ ይዞ ወንዝ የሚሻገር ነጋዴ ያለበት ትዕይንት ብር ከሚቆጥር ነጋዴ በስንት እጥፍ ይበልጣል? እውነተኛውን ነገር የሚፈልግ ጸሐፊ ታሪኩን በነፃ ያገኛል።

ከሁሉ የሚከፋኝ የታላቁ ኢያሱ ግንብ ነው። ጣራው ዛሬ የለም። በእሳቸው ዘመን ማብቂያ መሬት መንቀጥቀጥ ጎድቶታል፤ በጣልያን ጦርነት ጊዜ ደግሞ እንግሊዞች በጣሉት ቦምብ ተመቷል። የፊልም ሰዎች ይመጡና ንጉሡን በዚያ ጣራ በሌለው አዳራሽ ያስቀምጧቸዋል። ሰማይ ይታያል! በዘመኑ በዝሆን ጥርስና በወርቅ ያጌጠ እልፍኝ እንደነበር ይተረካል። ተመልካቹ ታሪክ ባያጠና እንኳ ዓይኑ ይነግረዋል። ንጉሥ ፍርስራሽ ውስጥ አይኖርም። ጎንደርን ዛሬ እንደምናያት አሮጌ አድርጎ ማሳየት ትልቅ ስሕተት ነው። ያኔ አዲስ ነበረች። ኖራው ገና አልደረቀም። ያ ኖራ ራሱ ታሪክ አለው። በኖራ የመገንባቱ ጥበብ በፋሲለደስ አባት በሱስንዮስ ዘመን ከካቶሊክ ሚስዮናውያኑ ጋር እንደመጣ ይነገራል። ፋሲለደስ ሚስዮናውያኑን አባረሩ፤ ኖራውን አስቀሩ። እንዲህ ያለ ንጉሥ እኮ ነው ያለን!

ንግግሩም ያስቸግራል። ተዋናዮቻችን ራት ቀርቧል ለማለትም እንደ አዋጅ ነጋሪ ይጮኻሉ። ወይም ደግሞ አፋቸው ያመልጥና የቦሌ ካፌ ንግግር ይገባበታል። ጎንደር ውስጥ በአደባባይ መጮኽ የሞኝ ነገር ነው። ቅኔ የተማረ አገር ነው። አደገኛ ነገር በሰም ተሸፍኖ ነው የሚነገረው። ነገሥታቱ “እረኛ ምን አለ?” ብለው የሚጠይቁት ለቀልድ አልነበረም፤ የሕዝቡን ልብ የሚያውቁት በዚያ ነው። አዝማሪም ሌላው ቢለው አንገቱ የሚቆረጥበትን ነገር መሰንቆውን ይዞ ንጉሡ ፊት ይለዋል። በግብር ላይ አንድ አዝማሪ አንድ ስንኝ ያወርዳል እንበል። ግማሹ እንግዳ ይስቃል። ሁለት ሰዎች ግን ወርቁ ገብቷቸው ፊታቸው ይገረጣል። ተመልካቹም ቤቱ ሆኖ “ምን ማለቱ ነው?” ብሎ አጠገቡ ያለውን ይጠይቃል። ይህን መሥራት የሚችሉ ገጣሚዎች አሉን። ለምን እንደማንጠራቸው አይገባኝም።

ስለ ልብስ ብዙ አልልም። ሁሉም ሰው ከሱቅ በወጣ አዲስ ጥበብ ባይቀርብ ጥሩ ነው። አጣፋውን ያደገደገ ሰው ታዛዥ ነው፣ ሐዘንተኛ ጥለቱን በሌላ መልክ ያደርጋል። እናቶቻችንን ብትጠይቁ በአንድ ከሰዓት ይጨርሱላችኋል።

የባላንጣ ነገር ግን ያሳስበኛል። የትግራዩን ገዥ ራስ ሚካኤል ስሑልን እንውሰድ። በ1761 ዓ.ም. የእቴጌ ምንትዋብን የልጅ ልጅ አፄ ኢዮአስን አሳንቀው አስገደሉ። ቀጥለው ከወህኒ አምባ አንድ ሽማግሌ አውርደው ዳግማዊ ዮሐንስ ብለው አነገሡ። እሳቸውም በወራት ውስጥ በመርዝ ሞቱ። በአንድ ዓመት ጊዜ ሁለት ንጉሥ! እኚህን ሰው ጭራቅ አድርጎ መሣል በጣም ቀላል ነው። ቅንድብ ማጠቆር፣ ሳቅ ማብዛት ነው። እኔ ግን ስሑል ሚካኤልን አድዋ የተቀመጠ ተመልካችም፣ ጎንደር የተቀመጠ ተመልካችም፣ የጁ የተቀመጠ ተመልካችም ሳይሰደብ እንዲያያቸው እፈልጋለሁ። የተጠሩት ለማስታረቅ ነበር። በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። የሚያዩት ቤተ መንግሥት በዘመዳሞች ጠብ ተከፍሎ እየፈረሰ ነው። “አገሩን የማቆመው እኔ ነኝ” ብለው ቢያምኑስ? ያመኑ ይመስለኛል። እሳቸው ለራሳቸው ትክክል የሆኑበትን ትዕይንት አንድ ጊዜ ካየሁ በኋላ ኢዮአስን ሲያስገድሉ ሁለት እጥፍ ያስደነግጡኛል። ዛሬ አገራችን ባለችበት ሁኔታ አንዱን ወገን ሰይጣን አድርጎ የሚያቀርብ የታሪክ ድራማ ለማንም አይበጅም። ለድራማነቱም አይበጅም።

አሁን ወደ ሐሳቤ ልምጣ። ቴሌቪዥን ጣቢያዎቻችን አንድ ጊዜ ደፍረው ለእቴጌ ምንትዋብ አሥር ክፍል ይስጧቸው። ከልደት እስከ ሞት አይሁን። ከልደት እስከ ሞት የሚሄድ ድራማ የዘመን ቆጠራ ይሆናል፤ በየክፍሉ አንድ ሰው ይወለዳል፣ አንድ ሰው ይሞታል፣ ጢም ይሸብታል። ከአንዲት ሌሊት ይጀመር።

1723 ዓ.ም.፣ መስከረም። አፄ በካፋ ሞተዋል። በካፋ ሰውን የሚፈትኑ ንጉሥ ነበሩ። ተሰውረው ሞቱ አስብለው ማን ደስ እንዳለው ያዩ ነበር ይባላል። ስለዚህ “ንጉሡ ሞቱ” ብሎ የሚያምን የለም፤ አምኖ የሚናገርም የለም። እቴጌይቱ የቋራ ልጅ ናቸው። ልጃቸው ኢያሱ ገና ሕፃን ነው። ወህኒ ላይ የደረሱ ወንዶች የንጉሥ ልጆች አሉ። ከጠባቂዎቹ አንዱ ፈረስ ጭኖ ወደ ወህኒ ከሄደ እናትና ልጅ አለቀላቸው። ለማን ይንገሩ? መጀመሪያ የሚነገረው ሰው ወይ ያድናቸዋል ወይ ይሸጣቸዋል። የመጀመሪያው ክፍል ይህ ብቻ ይሁን። አንድ ግንብ፣ አንድ ሌሊት፣ ጧፍ፣ ደረጃ የሚወጣ እግር። ይህን ለመሥራት ስንት ፈረስ ያስፈልጋል? አንድ። እሱም ውጪ ሲያስነጥስ ብንሰማው ይበቃል።

ከዚያ በኋላ ያለውን ታሪኩ ራሱ ጽፎታል። ምንትዋብ ከልጃቸው ጋር ዘውድ ጫኑ። አገሩን እንደራሴ ሆነው መሩ። ቁስቋምን አሠሩ። ምልምል ኢያሱ ከሚባለው ወጣት መስፍን ሦስት ሴቶች ልጆች ወለዱ፤ ከተማው አወራ። ልጃቸው አድጎ በእናቱ ጥላ ሥር መኖር የከበደው ወጣት ሆነ። እሱ በ1747 ዓ.ም. ሲሞት የልጅ ልጃቸው ኢዮአስ ነገሠ። አሁን የኢዮአስ እናት ውቢት ተነሡ። “ልጄ ነግሧል፤ እንደራሴዋ እኔ ነኝ” አሉ። ልብ በሉ፤ ይህ ምንትዋብ ራሳቸው ሃያ አምስት ዓመት ቀድመው ያሉት ነገር ነው። ውቢት ምን አጠፉ? ምንም። ምንትዋብስ በአንድ ጀምበር ሥልጣናቸውን አስረክበው ቢቀመጡ ወገኖቻቸው ይተርፋሉ? አይታወቅም። ሁለት እናቶች፣ ሁለቱም እውነት አላቸው። አንድ ጠረጴዛ ላይ አቀምጣችሁ ካሜራውን ብቻ ክፈቱት።

ስሑል ሚካኤል የመጡት በዚህ መሐል ነው። የምንትዋብ ልጅ ወይዘሮ አስቴር ባሏ ማርያም ባርያ ከተገደለ በኋላ ሚካኤልን አገባች። በቀል ፈልጋ ነው የሚሉ አሉ። ያ አማች ደግሞ የእቴጌይቱን የልጅ ልጅ አስገደለ። ልጅ የገዳይ ሚስት ናት፤ የተገደለው የልጅ ልጅ ነው። እኚህ ሴት ሁለቱንም ይዘው እንዴት ያድራሉ? በ1762 ዓ.ም. ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ ጎንደር ሲደርስ እቴጌይቱ ቁስቋም ነበሩ። እዚያ በፈንጣጣ የታመሙ ልጆችን አክሟል። መጽሐፉ ጠቃሚ ነው፤ ግን እባካችሁ ድራማውን ለእሱ አትስጡት። እንግዳ ነው፣ ከጥግ ቆሞ ይይ። እኛ በራሳችን ሴት ዓይን እንየው።

የምንትዋብ፣ የልጃቸውና የልጅ ልጃቸው አጽም ቁስቋም አንድ ላይ ነው ያለው። ጎብኚ ወደዚያ ስወስድ ሳጥኑን አይቶ ፎቶ አንሥቶ ይወጣል፤ ማንነታቸውን በአሥር ደቂቃ ማስረዳት ያቅተኛል። አሥር ክፍል ግን ይበቃ ነበር። ጎብኚ በቀነሰበት በዚህ ጊዜ ቢያንስ የገዛ አገራችን ሰው ሊያያቸው ይመጣ ነበር።

ገንዘቡን በተመለከተ የጽሑፉን ባለቤት ሙሉ በሙሉ ላሳዝናቸው አልፈልግም። ገንዘብ ይውጣ። ግን መጀመሪያ ለጸሐፊዎች ይውጣ። ከቀረጻ በፊት ቁጭ ብለው የሚያነቡበት፣ ሊቃውንቱን የሚጠይቁበት ጊዜ ይከፈላቸው። ስክሪፕት እየተጻፈ እየተቀረጸ ጥሩ የታሪክ ድራማ አይወጣም። ለፈረሱ የሚሆነው የተረፈው ይሁን። ለቀረጻ የምትመጡም ግንቡ ላይ ሚስማር አትምቱ፣ ውስጥ እሳት አታንድዱ፤ ይህን ደግሜ ደጋግሜ እለምናለሁ።

በዚህ ጉዳይ ስክሪፕት የያዘ ወይም ሊይዝ የሚያስብ ሰው ካለ በጥምቀት ግርግር አይምጣ። መስከረም ላይ ይምጣ። በካፋ የሞቱበት ወር ነው፤ ብርሃኑን፣ ጭቃውን፣ የማታውን ብርድ ያየዋል። ፋሲል ግቢንም ቁስቋምንም አብሬው እዞራለሁ። ከጸሐፊ የአስጎብኚ ክፍያ አልቀበልም። አድራሻዬን ለዝግጅት ክፍሉ ትቻለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አስጎብኚ
ከጎንደር